ለወፏ የሰጠኋት ማር

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ስወጣ አውራ ጣቴን የምታክል ሃሚንግበርድ የሚሏት ወፍ መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት። ምላሷ አብጦ ወጥቷል። ሳነሳት ሞታለች።

የገደልኳት እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ጓሮ እየመጡ ከጠርሙስ የሚጠጡትን ወፎች ለእኔ አደራ ሰጥተው ነበር። "ስኳር በውሃ በጥብጠሽ እዚያ የተሰቀለው ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪላቸው። ሌላ ነገር እንዳታስገቢ" ብለውኛል።

እኔ ግን ለእንግዳ ስኳር ብቻ ማቅረብ ንፍገት መሰለኝ። ስለዚህ ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን ምርጥ የጎጃም ማር በጥብጬ ሰቀልኩላቸው። አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ! ጠጅ ለመጣል የቀረኝ ጌሾ ብቻ ነበር።

አሁን ሰርች ሳደርግ፣ ማር ምላሳቸውን አሳብጦ ይገድላቸዋል ይላል። ይህን እያነበብኩ እትዬ ደወሉ።

"ወፎቼ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ እትዬ።"

"ተባረኪ። አንቺ ባትኖሪ እኮ ጥያቸው አልሄድም ነበር።"

ወፏ በናፕኪን ተጠቅልላ ሌላው እጄ ላይ ነበረች።

ደግ ልሁን ብላችሁ አደራ የበላችሁ ካላችሁ፣ ለባለቤቱ እንዴት ብላችሁ እንደነገራችሁት ጻፉልኝ። እትዬ ቅዳሜ ይመጣሉ።