ስመጣ ዝም ይላሉ

ሥራዬ በወረቀት ላይ አስተርጓሚነት ነበር። ሮም ውስጥ በአንድ የሰፈር የአእምሮ ጤና ጣቢያ፣ ከአንዲት ጣሊያናዊት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር እየዞርኩ የታመሙ ያገሬን ልጆች እጠይቃለሁ፣ ከሐኪም አገናኛለሁ፣ ከአሠሪዎቻቸው ጋር እከራከራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀኑን ሙሉ የምሠራው መናደድ ነበር። ጠዋት በጣሊያኖቹ፣ ከሰዓት በእኛዎቹ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ነው። አሳድጋ ያስተማረችውን ታናሽ ወንድሟን አዲስ አበባ ላይ ደርግ አስሮባታል። እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ ጠልታ፣ አንድ ቀን ጋዙን ከፍታ ስትረሳ አሠሪዋ ሲኞራ ደንግጣ ወደ እኛ አመጣቻት። መድኃኒት ጀመረች። ሴት መነኮሳት ዘንድ ማደሪያ አገኘንላት፤ በየሳምንቱ ቁጭ ብለን አወራን። ለፋሲካ እንቅልፏ ተመለሰ፣ ፊቷም ፈካ። ሐኪሙ ደህና ናት ካለ ሲኞራዋ ወደ ሥራዋ ልትመልሳት ተስማማች። ሥራው ማለት አልጋዋም ፔርሜሶዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷም ነው፤ እሱ ከሄደ ሮም ውስጥ መቆሚያ የላትም።

ከዚያ ድንገት ነገሩ ተበላሸ። ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብላ «ሰዎች ይንሾካሾኩብኛል» አለች።

«ሐሙስ ሐሙስ ያገራችን ሴቶች ፒያሳ ቪቶሪዮ አደባባይ ተሰብስበው ያወራሉ፤ እኔ ስመጣ ዝም ይላሉ። አንዷ እጄን ይዛ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ምነው ስላት ጉንፋን ነው ትለኛለች። የሚደብቁኝ ነገር አለ።»

እንዳለችው ተረጎምኩ። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በትዕግሥት ሰማትና በመድኃኒቱ ላይ መርፌ ጨመረባት። በሳምንቱ መርፌው አፍዝዟት መጣች፤ ንግግሯ ግን ያው ነው።

ነገሩ ስለከነከነኝ ሐሙስ ከሰዓት፣ የቤት ሠራተኛው ሁሉ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ራሴ ፒያሳ ቪቶሪዮ ወረድኩ። ሴቶቹ ልጅቷ ከኋላዬ አለመኖሯን አዩና ነገሩኝ። ወንድሟ ተገድሏል። እስር ቤቱ በር ላይ አክስቷን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ብለዋታል። በደብዳቤ መጻፍ ስለሚያስፈራ ወሬው በመንገደኛ አፍ ሮም ደርሷል። ከእሷ በቀር ያልሰማ ሰው የለም።

ደሜ ፈላ። በሐዘንም በጸብም ሁላችንም የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ መርዶው የተያዘው በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ቤታቸው ሄድኩ።

«አባባ፣ ለምን አይነግሯትም?»

«ልጄ፣ ታማለቻ! ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ? ትዳንና እንነግራታለን።»

«እኮ የማትድነው ስላልነገሯት ነው! እውነት ስለተናገረች እብድ ተብላ መርፌ እየተወጋች ነው።»

«ደግሞ መርዶ በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። ሁሉም ሲኞራ ቤት አዳሪ ነው፤ በማለዳ ማን ይወጣል? የፌራጎስቶ ዕረፍት ሲደርስ፣ ሲኞራዎቹ ባሕር ሲወርዱ…»

«እስከ ነሐሴ?»

«አሎራ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ? ብቻሽን ነግረሻት ከፎቅ ራሷን ብትጥል ማን ይጠየቃል?»

ጮህኩባቸው። በሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር መሆኑን እያወቅኩ ጮህኩ። የባሰው ደግሞ የመጨረሻው ቃላቸው እኔንም ማስፈራቱ ነው።

ለሐኪሙ ሄጄ ብነግረው «ይህ ሁሉ ሰው ተስማምቶ የአንድ ሰው ሞት ይደብቃል?» አለና እኔንም እንደ በሽተኛ ያየኝ ጀመር።

በስንት ውትወታ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ከየሲኞራቸው ፈቃድ ያገኙት ጥቂት ሴቶች መነኮሳቱ ቤት ተሰበሰቡ። አዛውንቱ ነገሯት።

አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ሳቀች። ከልቧ፣ ከባድ ሸክም እንደወረደለት ሰው ሳቀች።

«አየሽ እትዬ?» አለችኝ። «እውነቴን ነበር። አላበድኩማ!»

ወዲያው ደረቷን እየመታች ወለሉ ላይ ወደቀች። ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለች ስትጮህ ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። አዛውንቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አየሽ? በወንድሟ መርዶ ሳቀች። ታማለች ያልኩሽ ይኸው።» ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሴቶቹን ላግዝ ሄድኩ።

በማግስቱ ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ፤ ማዘኑም ከፊቱ ይነበባል። መሳቋን ስነግረው ግን ቀና አለ።

«ሳቀች?» አለና እስክሪብቶውን አነሳ።

«አዎ፣ ሳቀች! እናንተም እነሱም ሆናችሁ እብድ ያደረጋችኋት ሰው፣ እብድ አለመሆኗን ስታውቅ ምን ታድርግ?»

እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። «ሲኞራዋ ዛሬም ደውላለች» አለኝ። «ምን ሆና ነው ብትለኝ ምን ልበላት?»

«ወንድሟ ሞቶባት ነው በላት» አልኩት።