የግቢያችን ማስፈራሪያ

ልጅ እያለሁ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኛ ግቢ እንጀራ የሚበላው በወጥ ብቻ አልነበረም፤ በፍርሃትም ነበር። አልበላም የሚል ልጅ ያላት እናት ሁሉ የምትጠራው ሰው ነበራት። ይህ ትዝ ያለኝ ዛሬ ምሳ ላይ ነው። የሦስት ዓመቱ ልጄ አንዲት ጉርሻ ጉንጩ ውስጥ ወትፎ ያየኛል። አይውጥም፣ አይተፋም። ለመንኩት፣ ዘፈንኩለት፣ ተቆጣሁት። ግጥም እጽፋለሁ፤ ቃል አይቸግረኝም እያልኩ እኩራራለሁ። አንዲት ጉርሻ የሚያስውጥ ቃል ግን አጣሁ።

ታናሽ ወንድሜ አቤልም በአራት ዓመቱ እንዲሁ ነበር። እማዬ ከሥራ ደክማ ትመጣና ሳህኑን ይዛ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ ግቢ ትከተለዋለች። ይሄ ልጅ ዕድሜዬን በላው፣ እንጀራውን ግን አይበላም ትል ነበር። ትዕግሥቷ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆማ ጋሽ እንድሪስን ትጣራለች።

ጋሽ እንድሪስ ከእኛ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሐርቡ ከተማ አግብታ ትኖራለች። ሲጠሩ ከስፌት መኪናቸው ይነሱና ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያንን ትልቅ የጨርቅ መቀስ ቀጭ ቀጭ ያደርጉታል። ሌላ ምንም አይሉም። አቤል ወዲያው ይውጣል፤ የማይበላ ልጅ ጆሮው እንደሚቆረጥ ተነግሮታል። እኔ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር ጨዋታውን አውቃለሁ። ዞር ሲሉ ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አያቸው ነበር። እማዬ ኋላ ሄዳ ስታመሰግናቸው፣ አብሽሪ፣ የልጅ ቂም ሲያድግ ይረሳል ይሏታል።

አንድ ዓመት አረፋ ሲቃረብ ልጃቸው የሦስት ዓመቷን ሐያትን ይዛ ከሐርቡ መጣች። ጋሽ እንድሪስ የልጅ ልጃቸውን በጨቅላነቷ ካዩዋት ወዲህ አላገኟትም። ለበዓሉ ቀሚሷ የሚሆን ቢጫ ጨርቅ መርጠው ገዝተው ልኳን ብቻ ይጠብቁ ነበር። እናቷ እኔ ልለካትና ልንገርህ ብትላቸው እንቢ አሉ። የልጅ ልጄንማ በእጄ ነው የምለካት አሉ።

ከእሳቸው በፊት ግን አቤል ደረሰባት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ስለ አያቷ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማራት። ክፋት አልነበረም፤ ለእንግዳ የሚያካፍለው ሌላ እውቀት ስለሌለው ነው። ጋሽ እንድሪስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ ልጅቷ ሰፈር እስኪሰማ ጮኸች። አቤል እጇን ይዞ እኛ አልጋ ሥር አስገባት። እናቷ ብትጎትት፣ እማዬ ብትለማመጥ ሁለቱም አንወጣም አሉ። እማዬ በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ጋሽ እንድሪስ ጥሩ ሰው እንደሆኑ፣ የማንንም ጆሮ እንደማይቆርጡ ማለች።

"ትናንት ይቆርጣል ብለሽ የለ?" አላት አቤል ከአልጋው ሥር።

በማግስቱም ያው ጩኸት፣ ያው አልጋ ሥር። ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ ላይ፣ ወላሂ ይህን ያህል አስፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር ብለው ስቀው ነበር። በማግስቱ ግን የስፌት መኪናቸው ድምፅ ቀኑን ሙሉ አልተሰማም። ወደ ማምሻው መጥተው በራችን ላይ ቆሙ።

"ስትጠሪኝ መጥቻለሁ" አሏት እማዬን። "አሁን ደግሞ አንቺ ድረሺልኝ። በዓሉ ደረሰ፤ ልጅቷ አያት ሳይኖራት ልትመለስ ነው።"

በሚቀጥለው ቀን እማዬ ሽሮ ሠርታ ምሳ ጠራቻቸው። ሁለቱ ልጆች ወዲያው አልጋ ሥር ገቡ። ጋሽ እንድሪስ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ሳህኑን ገፋ አደረጉና ከንፈራቸውን ጥለው አልበላም አሉ። እማዬ ለመነቻቸው። ያቃጥላል አሉ። ተቆጣቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መቼም ሊያስመስሉ ሁለቱ አስቀድመው ተስማምተው ነበር፤ እማዬ ግን በአቤል የተጠራቀመባትን ብስጭት ሁሉ አወረደችባቸው፤ ምስኪኑ ሰውዬ እውነትም የደነገጡ መሰሉ።

አቤል አንገቱን ብቅ አደረገ። አልበላም የሚል ሽማግሌ አይቶ አያውቅም። እየዳኸ ወጣ፣ ቁራሽ እንጀራ ሽሮ ነክሮ ወደ አፋቸው አስጠጋ፤ ቁርጥ እንደ እማዬ ግንባሩን ቋጠረ።

"ብላ! ካልበላህ ጋሽ እንድሪስን እጠራልሃለሁ።"

ጋሽ እንድሪስ ጎረሱ፤ ዋጡ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይሄኔ ሐያትም ከአልጋው ሥር ወጥታ የራሷን ጉርሻ ይዛ ተሰለፈች። አፋቸው ሞልቶ፣ ጢማቸው ሽሮ ነክቶት፣ አቤል ቀጣዩን ጉርሻ እስኪያዘጋጅ ሜትሩን ቀስ ብለው ትከሻዋ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ወገቧ ላይ። አልጮኸችም። ይልቅ ተራዬ ነው ብላ አቤልን ገፋችው።

የአረፋ ዕለት ሐያት ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ አያቷ ትከሻ ላይ ሆና ሰፈሩን ዞረች። ከሳሪዋ እማዬ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲያ መቀሱ ቀጭ ሲል አቤል ሮጦ እግራቸውን ያቅፋል፤ እንጀራው እዚህ ይደርቃል። ሰው አስታርቄ ልጄን አስራብኩ እያለች ስትማረር ኖረች።

እኔ አሁን ኮምቦልቻ ተከራይቼ እኖራለሁ። በዚህ ግቢ ልጅ የሚያበላው ስልክ ነው፤ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ አፉን ይከፍታል፣ ምን እንደጎረሰም አያውቅም። ዛሬ መብራት ጠፍቶ ስልኩም ሞተብን። ሚስቴ እኔን ታያለች፣ እኔ ሳህኑን። ድሮ ሰውን የልጅ ማስፈራሪያ ማድረግ ነውር ይመስለኝ ነበር። ለካስ ልጄን አስፈራልኝ የሚባለው፣ ያው ልጄን ያዝልኝ ተብሎ የሚታመነው ሰው ኖሯል። በዚህ ሐሳብ በሩ ላይ ቆሜ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤቴን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል፤ ጠዋት ጠዋት አንገት ነቅንቀን እንተላለፋለን።

ስሙን አላውቀውም።