ከኮርኒሱ የወደቀችው

የመሥሪያ ቤታችንን አሮጌ መጋዘን ስከፍት የሌሊት ወፍ ኩስ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

ልጅ ሳለሁ ከሚሴ የነበረው ቤታችን ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነበር። አንድ ጊዜ ለዒድ ቤት ስናጸዳ እማዬ የረገበውን ጥግ በቢላ ቀደደችው። ጥቁር ኩስ ከበራሪ ነፍሳት ክንፍ ጋር ራሴ ላይ ተዘረገፈ፤ አፌም ገባ። እንትፍ እንትፍ ስል አንዲት የሌሊት ወፍ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለች። ፊቷ የተጨማደደ፣ ክንፏ እንደ እርጥብ ላስቲክ የሚያስጠላ።

«እማዬ፣ ግደያት!»

እማዬ መጥረጊያውን አንስታ ቀጥ አለች። የሌሊት ወፏ ጡት ላይ ፀጉር ያላበቀለ ልጇ ተጣብቆ ይጠባል።

«ያ ረቢ! ይቺም ታጠባለች?» አለች። በጨርቅ አንስታ ወደ ቀዳዳው መለሰቻት፤ ከዚያ ቀዳዳውን ሰፋችው።

«ምነው?» ብዬ አለቀስኩ።

«እኔንም አንቺን አዝዬ ስመጣ ያስጠጋኝ ሰው አለ።»

ከየት እንደመጣን አልጠየቅኩም። የዒዱን ሥጋ ግን መቅመስ አቃተኝ።

«መድኃኒት ልርጭባቸው?» አሉኝ መጋዘኑ በር ላይ አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ጥበቃ።

አፍንጫዬን እንደያዝኩ፣ ምራቄን ተፍቼ፣ «ልጆቻቸው ጡት እስኪጥሉ ይታገሷቸው» አልኳቸው።