ነውር የለውም ያልኩት ግጥም

ያኔ ቡታጅራ ላይ ከኔ ሌላ ገጣሚ የለም ብዬ አምን ነበር። እውነትም አልነበረም፤ ስላልነበረ ነው ያበጥኩት። የሃያ አራት ዓመት ወጣት አስተማሪ ነኝ። ከረባት አስራለሁ፣ የጃንሆይ ልደት በመጣ ቁጥር ሰልፍ ፊት ቆሜ ስለ ዕውቀት ብርሃን እገጥማለሁ፣ የአውራጃው ገዥ ያጨበጭባል። ገዥው ሲያጨበጭብ የማያጨበጭብ ማን አባቱ!

ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች ፊደል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ ሠላሳውን ያለፈች የሁለት ልጆች እናት ናት። ባሏ መርካቶ ይነግዳል፤ እሷ ልጆቿን ይዛ እዚሁ አማቷ ቤት ትኖራለች። ለባሏ ደብዳቤ በገዛ እጇ ልትጽፍ ነው የመጣችው። እንሰት ስትፍቅ ውላ ስለምትመጣ ደብተሯ እንሰት እንሰት ይሸታል፤ እኔም በጣቴ ጫፍ ነበር የምገልጠው። በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቺ ነበር የምላት።

ከተማው ግን የሚያውቃት በሌላ ነው፤ አልቃሽ ናት። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ሳይተክል እሷን ያስጠራል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሁለት ስንኝ ካወጣች፣ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያነባል። እናቴ "ስሞት ሌላ አልቃሽ እንዳታመጣብኝ። እሷ ካላለቀሰችልኝ አልተቀበርኩም" ትለኝ ነበር። እኔም እሺ እላታለሁ።

ጃንሆይ ሊወርዱ ሦስት ዓመት ያህል ሲቀራቸው፣ ከአዲስ አበባ ሦስት ገጣሚዎች በአውቶቡስ መጡ። ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። እሑድ ከሰዓት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ግጥማቸውን አነበቡ። አንዱ እናቱ ስለተሸከመችው እንጨት አነበበ፣ ሌላው ስለ ተከራየው ቤት ትኋን። እኔ በልቤ "ይሄም ግጥም ሆኖ!" እያልኩ ነው፤ ሰዉ ግን ትንፋሹን ውጦ ይሰማል። በመጨረሻ ረጅሙ ልጅ ተነሳና "ግጥም የተማረ ሰው ርስት አይደለም። የሚያማችሁን በምታውቁት ዜማ ጻፉ። ከወር በኋላ መጥተን እንሰማችኋለን፤ የበለጠውን ጋዜጣ ላይ እናወጣዋለን" አለ።

ከተማው አበደ። ልብስ ሰፊው በመጠቅለያ ወረቀት ላይ፣ ትኬት ቆራጩ በትኬት ጀርባ ይጽፍ ጀመር። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ እንኳ ስለ እንሴኖ ገበያ አቧራ አንድ ገጽ ጽፈው አመጡልኝና "ወላሂ፣ ብትፈልግ ሳቅብኝ፣ ብቻ እንዳትቀደው" አሉኝ። ሁሉም እንዳርምለት ወደኔ ነበር የሚያመጣው። አረምኩላቸው! ጥሩ ጥሩውን መስመር እየመረጥኩ በቀይ ቀለም ሰረዝኩት። አፈር ልብላ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ እሷ መጣች። ጉራጌ የትም ውሎ የትም ቢያድር ለመስቀል ቤቱ ይገባል፤ የቀረ ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል። ባሏ ሁለት መስቀል በተከታታይ ቀርቷል። በሰው እጅ ለእናቱ ስኳር ይልክ ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ እሱም ተቋርጧል። መርካቶ ሌላ ሴት ይዟል የሚል ወሬም አለ። ለጻፈችለት ሁለት ደብዳቤ መልስ አልሰጣትም።

"ጋዜጣ ያነባል መምህር። እዚያ ላይ ግጥሜን ካየ ይመጣል" አለችና ደብተሯን ገለጠች። ያነበበችልኝ እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም፤

*ለመስቀል ሰው ሁሉ ወዳገር ሲገባ፣*
*የኔ ደጅ ሣር ለብሶ አወጣ አበባ።*
*ክትፎው ቀዘቀዘ ጣባው ላይ እንዳለ፣*
*ማን አፈር መለሰ፣ ማን አየሁት አለ?*

አማርኛዋ ጉራግኛ ጉራግኛ ይላል፣ ፊደሏም የዶሮ ጭረት ነው። እኔ ግን ከልደቴ ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ተደምሮ እነዚህን አራት መስመሮች እንደማያህል እዚያው ገባኝ። ቀናሁባት።

ደብተሩን ዘጋችና "መምህር፣ ሰውዬው ሕያው ነው እኮ። እኔ የማውቀው ዜማ የሙሾ ብቻ ሆኖብኝ ነው። ነውር አይሆንብኝም?" አለችኝ።

ነውር ነው። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ለቆመ ሰው ሙሾ ማውጣት ሞቱን መጥራት እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ሰው ሁሉ ሲያፍርባት፣ እንደ እብድ ሲያያት ታየኝ። "ነውር የለውም። ግጥም ነው" አልኳት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። በዚያ አልበቃኝም፤ በማግስቱ አማቷ ዘንድ ሄጄ "እሑድ ምራትዎ ሕዝብ ፊት ትናገራለች፣ እንዳይቀሩ" አልኩ። ይኸውልህ እንዲህ ነበርኩ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልብስ ሰፊው አነበበ፣ ሐጂም አነበቡ። እሷ ስትነሳ ግን ወረቀቷን አላየችም፤ ዜማው ነው ይዟት የሄደው። "ማን አፈር መለሰ" ስትል ከፊት የተቀመጡት አማት ብድግ አሉ። አማርኛቸው ከገበያ አያልፍም፤ አፈርን ግን ያውቃሉ። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተዋል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ አልቃሽ ቆማለች። በኛ አገር ይህ ምንድን ነው? መርዶ ነው!

"ልጄን!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እሷ "አልሞተም! ግጥም ነው! በማርያም፣ ግጥም ነው!" እያለች ጮኸች፤ ማን ይስማት? ሐዘኑ አዙሯት ነው አሉና ያዟት። ገጣሚዎቹ የሕዝብ ልብ የተነካ መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡ። ከዚያም የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሄዱ፤ ዳግም አልመጡም። እኔ አንድ ቃል ተናግሬ ያን ሁሉ ማቆም እችል ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ የኔ ነቅዟል።

ድንኳን ተተከለ። አስከሬን ሊያመጡ አዲስ አበባ የሄዱት ዘመዶች በሦስተኛው ቀን ባልየውን በእግሩ እያስኬዱ ይዘውት መጡ። ሰውዬው የገዛ ለቅሶው ላይ ደረሰ፤ ንፍሮ እየታደለ ነበር። እንዳለችውም መጣላት።

በነጋታው ሽማግሌ ተቀመጠ። ባል "በቁሜ ቀብራኛለች። ከቀባሪዬ ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም" አለ። ሰበብ ሲፈልግ ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል? እሷ መሬት መሬት እያየች "መምህሩን ጠይቄ ነው። ነውር የለውም ብለውኛል። እዚህ አሉ፣ ይጠየቁ" አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ነበሩ። "አስተማሪዋ ካላት ጥፋቱ የሷ አይደለም። አንድ በግ አርደን እናስታርቃለን፣ ቤቷም ልጆቿም አይነኩም። በል ልጄ፣ ጠይቃሃለች?" አሉኝ።

አማትየው ያዩኛል፤ እርግማናቸው ያስፈራል። ገዥው ቢሰማስ? ከተማውን ለሕያው ሰው ያስለቀሰ አስተማሪ ሊባል? ከረባቴን አስተካከልኩ።

"የስንቱን ወረቀት ሳይ ነበር" አልኩ፣ "አላስታውስም።"

ሐጂ አንድ ጊዜ ብቻ "አላህ ይሰማል" አሉ። ፍቺ ተፈረደ። ልጆቹ አያታቸው ጋ ቀሩ፤ ትንሹ ቀሚሷን ይዞ አልለቅም ሲል ጣቱን አንድ በአንድ አላቀቁት። እሷ ጥያ ከተማ ወንድሟ ቤት ገባች። ደብተሯን በሰው እጅ ላከችልኝ፤ ከግጥሟ በኋላ ያሉት ገጾች ሁሉ ባዶ ነበሩ።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ታመመች። ልትሞት ስትል የጠየቀችኝ ያቺን አልቃሽ ብቻ ነው። ስትሞት በመጀመሪያው አውቶቡስ ጥያ ሄድኩና ደጇ ላይ በጉልበቴ ወደቅሁ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አነሳችና ተከተለችኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አስከሬኑ አጠገብ ቆመች። ሴቶቹ መሐረባቸውን አዘጋጁ። ቆመች፣ ቆመች፤ ቃል አልወጣትም። ሰው መተያየት ሲጀምር ጠጋ አልኩና "እትዬ፣ አንድ ስንኝ ብቻ ይበሉላት። እናቴ ትወድዎት ነበር" አልኳት። አንቱ ስላት ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። ከጀርባዬ ሐጂ ቆመው ነበር፣ ሰምተዋል።

"አላስታውስም" አለች።

ከዚያ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ለእናቴ እንደማንኛውም ሰው ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፣ እስከ መቃብር ሸኘች፣ በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሰች። አፈሩን የመለስኩት እኔ ነኝ፤ በእናቴ ቃል ከሄድን ግን እናቴ እስከ ዛሬ አልተቀበረችም።