ለአባቱ እግር የተመረጠ ወለል

አስማረ ሲቀመጥ ያየ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ወረታ ላይ ስምንት ዓመት አብረን አስተምረናል። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪው ሳይገለብጥ የሚያጠፋ መምህር ነው። ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው።

አምና ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ምክንያቱ አባቱ ናቸው። አያ ይርዳው ርብ ወንዝ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ የሩዝ ገበሬ ናቸው። ካቻምና ክረምት ጎርፉ ቤታቸው ገብቶ ሁለት ቀን መደብ ላይ ተኮራምተው ሰነበቱ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አስማረ ይከራይ ወደነበረው ቤት መጥተው ነበር፤ አራት ቀን ቆይተው ተመለሱ። ቁርጥማት አለባቸው። «ሴራሚካችሁ ቅዝቃዜው ከእግሬ ገብቶ ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል» ብለው ሄዱ። እናም አስማረ የራሱን ቤት ሲሠራ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ቀጣዩ ጎርፍ ሳይመጣ አባቱን የሚያስቀምጥበት፣ እግር የማያቀዘቅዝ ወለል።

«ምንጣፍ አንጥፍላቸው» አልኩት።

«ይረጥባል!» ብሎ ጮኸብኝ።

አልተሳሳተም፤ የፎገራ ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ ከስር ውሃ ይተፋል። ባሕር ዳር አራት ጊዜ ተመላለሰ። ሦስት ዓይነት የእንጨት ናሙና አምጥቶ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ አሳደራቸው። ድፍኑ ጣውላ ተጣመመ። ላሚኔት የሚሉት ጠርዙ እንደ ረጠበ ዳቦ አበጠ። ሦስተኛው፣ ከላይ ስስ እውነተኛ እንጨት ሆኖ ከስሩ እንደ ኮምፔርሳቶ የተደራረበው፣ ቻለ። ያችን ናሙና ኪሱ ከትቶ ይዟት ይዞር ጀመር፤ ስብሰባ ላይ ሳይቀር እያወጣ ይዳብሳታል። እውነቱን ለመናገር ታከተኝ። ለቀለሙ ምርጫ ደግሞ ሌላ ሦስት ሳምንት አለቀ። የሲሚንቶው ሊሾ እስኪደርቅ በቀን ሁለት ጊዜ እየሄደ መዳፉን ይለጥፍበት ነበር። ከስር ወፍራም ፕላስቲክ ዘረጋ።

ሰኔ ላይ ወለሉ ተነጠፈ፤ ሐምሌ ላይ አያ ይርዳው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ቆሙ።

«ሞቅ ይላል» አሉ።

አስማረ ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ።

ነሐሴ ላይ የሚስቱ የባየች አጎት አንበሳሜ ከተማ ሞቱና ባልና ሚስቱ ለቅሶ ሄዱ። ሦስት ቀን ቆዩ፤ አያ ይርዳው ቤት ጠባቂ ሆኑ። ሲመለሱ ዕቃ ላግዝ አብሬ ገባሁ። ሳሎኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል።

«አዲስ ቤት ሳይጎዘጎዝበት ዝም ብሎ ይኖራል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው። «ከሜዳው ራሴ ነኝ ያጨድኩት። እንዳይጠወልግባችሁ ብየ ጧት ማታ ውሃ ስረጨው ሰነበትኩ።»

አስማረ ጎንበስ ብሎ ቄጤማውን ገለጥ አደረገ። ባልዲ ውስጥ አንድ ሌሊት የቻለው እንጨት ሦስት ቀን አልቻለም፤ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ አብጠው ተነስተዋል። ከስር ለሚመጣው ውሃ ያላሰበው ነገር አልነበረም። ከላይ የሚመጣውን ማን ጠርጥሮ?

ሽማግሌውም ወለሉን አዩ፤ ቀጥሎ የልጃቸውን ፊት አዩ። ጋቢያቸውንና ዱላቸውን አነሱ።

«እኔ የከተማ ቤት አላውቅበትም። ሜዳየ ይሻለኛል።»

የዚያን ሳምንት ርብ ሞልቶ ነበር።

አስማረ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረው። ሊጮህ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ በሩ ጥግ የተረፈውን አንድ እቅፍ ቄጤማ አነሳና ያበጠው ላይ በተነው።

«አባየ፣ እዚህ ጋ ሳስቶብዎታል» አለ።

ከዚያ እዚያው እርጥቡ ላይ ቁጭ አለ። እግሩን ዘረጋ።

«ይቀመጡ እንጂ።»

አያ ይርዳው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ከጎኑ ተቀመጡ።