የስም ሌባ የተባሉት ጥበቃ

የቅጂ መብት ቢሮ በር ላይ የሚቆሙት ጥበቃ ከሰልፈኛ አፍ የሰሙትን የልቦለድ ጀግና ስም ሁሉ ለደራሲዎች ይቸበችባሉ ተብሎ ይወራል። እኔም ጨምሬበት አውርቻለሁ። ሐሰት ነው።

ሰውየው ቦርሳ ሲፈትሹ ወረቀቱንም ያያሉ። ባለፈው እኔም ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት በባዶ ገጽ ላይ የጀግናዋን ስም ብቻ ጽፋ መጣች።

«ጋሼ፣ ሳይሰረቅብኝ ላስመዝግበው ብዬ ነው።»

«እህቴ፣ የቅጂ መብት ስምን ብቻውን አይጠብቅም። ታሪኩን ጽፈሽ ነይ። በስሙ ዕቃ የምትሸጪ ከሆነ ደግሞ የንግድ ምልክት ክፍል ፎቅ ላይ ነው።»

«ጠበቃ ነዎት እንዴ?»

«በሩ ነው ያስተማረኝ።»

ውስጥ ያለው ባለሙያ ከግማሽ ቀን ሰልፍ በኋላ የሚነግራትን ነው በነጻ የነገሯት። ሰው እንዳይጉላላ ብለው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባለሙያዎቹን እየጠየቁ የተማሩት ነው።

ሴትዮዋ ልትሄድ ስትል ከካፖርታቸው ኪስ ብቅ ያለ፣ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አየች።

«የእርስዎስ ታሪክ መቼ ነው የሚገባው?»

«አንድ ምዕራፍ ቀርቶታል» አሉ።

«አምናም እንደዚሁ ብለውኝ ነበር!» አለ አንድ ሰልፈኛ። ሁላችንም ሳቅን።

እሳቸውም አብረውን ሳቁና የኪሳቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ለእናንተ እኔ አለሁላችሁ። እኔን ግን ‹ደርሷል፣ ግባ› የሚለኝ ማን ነው?»