የዘር ቆሎ

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የአሥራት እህል ማከማቻ ነበር። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር አየር እንዲገባ የተተወች አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። ዘበኛው ከኋላዬ በሩን ሲዘጋው መጀመሪያ የደረሰኝ የአይጥና የአሮጌ ገብስ ሽታ ነው። ቀጥሎ ከጨለማው ውስጥ "እግርህን ሰብሰብ አድርግ፣ ሰው ተኝቷል" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለገበሬው ዘር ይሰጠው ብዬ ስጮኽ ከርሜ እህል ቤት መታሰሬ ትንሽ አሳቀኝ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ የመንዝ ብርድ ሳቅ አያስቆይም።

ያኔ መሐል ሜዳ አስተማሪ ነበርኩ። በንጉሡ ዘመን፣ ቆላ ወርደው በትራክተር ለሚያርሱ ባለ ሰፋፊ እርሻዎች ናፍጣው ያለ ቀረጥ ይገባላቸዋል፣ ግብሩም ይቀርላቸዋል ይባል ነበር። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው የእኛ አገር ሰው ግን ውርጭ ገብሱን ቢያቃጥልበትም የሚቀርለት ነገር የለም። በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየዞርን የጠየቅነው ይኸው ነበር፤ ሕጉ ይሻሻል፣ ውርጭ የመታው ገበሬም ግብሩ ይማርለት፣ የዘር እርዳታ ይሰጠው። አንድ ትልቅ ሹም በመኪና ሊያልፍ ነው ሲባል ገበሬዎቹ ፍሬ ያልያዘ ገብሳቸውን በነዶ በነዶ ተሸክመው መንገድ ዳር ቆሙና "አቤት" አሉ። መኪናው አልቆመም። በማግስቱ እየተለቀምን ገባን።

እግርህን ሰብስብ ያሉኝ ሰው ከነዶ ተሸካሚዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ከሞላሌ በኩል የመጡ ሽማግሌ። የወለዷቸው ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ተድረው ሄደዋል። ቤት የቀሩት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ ስለዚህ እሳቸው ካልተፈቱ የበልጉ ማሳ ጦሙን ያድራል ማለት ነው። ከሌላው ነገር ሁሉ የሚያሳስባቸው ይህ ነበር። ዘበኛውን ባገኙት ቁጥር "ደመናው በየት በኩል ነው?" ይሉታል።

"እኔ የምጠብቀው እስረኛ ነው፣ ደመና አይደለም" ይላቸዋል እሱም።

አንድ ጧት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሽማግሌው ብድግ ብለው ከቀዳዳዋ ሥር ቆሙ። ደስ ያላቸው መስሎኝ አንድ ነገር ልላቸው ስል ፊታቸውን አየሁትና ተውኩት።

ረፋዱ ላይ ዘበኛው ባለቤታቸው የላኩትን በትንሽ ስልቻ ያለ ቆሎ አቀበላቸው። ዘገን አድርገው ወደ አፋቸው ሊወስዱት ሲሉ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። መዳፋቸውን ወደ ብርሃኗ አስጠጉ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና አየሁት። ለቆሎ የምንቆላው ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን፣ ገለፈቱ በቀላሉ የሚለቀውን ገብስ ነው። ይህ ግን ከነገለፈቱ የተቆላ ማጌ ነበር፤ ለበልግ ዘር ተብሎ የሚቀመጠው።

"ዘሩን ጀመረችው" አሉ ቀስ ብለው። ፍሬውን ወደ ስልቻው መልሰው ደግሞ "ምን ታርግ፣ ሌላ ምን አላት" አሉ።

ከቀትር በኋላ የወህኒው አዛዥ በሩን አስከፍቶ ብቅ አለ። ካፖርቱ በስብሷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ፣ ይቆጡ።

"አባት፣ በልጉ ገብቷል፤ ሄደው በሬዎን ይጥመዱ" አላቸው። "ዳኛው ፊት ቀርበው 'ገብሴን ውርጭ አልመታውም፣ መምህሩ አሳስቶኝ ነው' ይበሉ። ዛሬውኑ ይወጣሉ።"

ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ አልኩና "አባቴ፣ ይበሉት። በእኔ ያሳብቡ፣ እኔ የምዘራው የለኝም" አልኳቸው። ከልቤ ነበር። የሚቀጥለውም ቆሎ ከዚያው ዘር ተዘግኖ እንደሚላክ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቀና ብለው አዩኝና ወደ አዛዡ ዞሩ።

"ጌታዬ፣ ነዶውን የተሸከምኩት በገዛ አናቴ ነው። ውርጩም ሲመታኝ መምህሩን አላስፈቀደም።"

"ማሳዎ ጦሙን ያድራል እኮ።"

"ያድራል" አሉ። "አልመታኝም ብዬ ብወጣ ግን የተመታው ሁሉ በእኔ ቃል ውሸታም ሊሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማዋል?"

አዛዡ ወጣና በሩን ራሱ ዘጋው።

ዝናቡ ይወርዳል። ሽማግሌው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አጥፈው፣ ሊዘራ የወጣ ገበሬ እንደሚያደርገው ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ስልቻውን በግራ ክንዳቸው አንጠለጠሉ። ወደ ምሥራቅ ዞረው አማተቡና እሳቸው የመጀመሪያውን እፍኝ ሲበትኑ የሚሉትን አሉ፤ "ለወፉ፣ ለመንገደኛው፣ ለነዳዩ፣ ከተረፈም ለእኔ።" ከዚያ በእያንዳንዳችን ፊት እየቆሙ መዳፋችን ላይ እፍኝ እፍኝ አደረጉልን። ማንም ተነሡ ሳይለን አንድ በአንድ ተነሥተን ተቀበልን። በመጨረሻ በሩን አንኳኩ። ዘበኛው ገርበብ ሲያደርገው ለእሱም ዘረጉለት። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ስልቻው ሲራገፍ ለእሳቸው የቀረ አልነበረም። ከእጄ ላካፍላቸው ብዬ ስዘረጋ መዳፌን መልሰው አጠፉት።

"የተዘራ ይነሣል እንዴ?" አሉኝ።

የተፈቱት ዝናቡ አባርቶ፣ የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ማሳው እንደተባለው ጦሙን አደረ። ቆይቶ በሬዎቹን ሸጠው ከባለቤታቸው ጋር ልጃቸው ዘንድ መጠጋታቸውን ሰማሁ፤ እዚያው መሞታቸውንም። ሕጉ እኔ እስከማውቀው ድረስ እንደነበረ ቆየ። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል፤ መጽናኛ ፈልጌለት አላገኘሁም።

አሁን እኔም ሸምግያለሁ፣ ጉልበቴ እሺ አይለኝም። እንግዳ መጥቶ ቆሎ በሰሃን ሲዞር፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ከወንበሬ እነሣና በሁለት እጄ እቀበላለሁ። የልጅ ልጆቼ "አባባ፣ ቆሎ እኮ ነው፤ ቁጭ ይበሉ" እያሉ ይስቁብኛል። አልቆጣቸውም። ፍሬውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየዋለሁ። ዘር አለመሆኑን ሳረጋግጥ እቀመጣለሁ።